ክምሩን የሚያስተነፍሰው ማሽን

ከአዳማ ቤቶችና ገበያዎች ከሚወጣው ቆሻሻ አብዛኛው የሚበሰብስ ነው፤ የሽንኩርት ልጣጭ፣ የጎመን ቅጠል፣ የጫት ገራባ፣ የቡና አተላ። የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ከመንግሥት ጋር ሆኖ ቆሻሻን ወደ ኮምፖስት ለመለወጥ ከመረጣቸው ስድስት ከተሞች አዳማና ቢሾፍቱ ይገኙበታል። ለጓሮ ጉድጓድ መንሽና አካፋ ይበቃሉ፤ የከተማ ቆሻሻን ለማገላበጥ ግን የሰው ጉልበት አይደርስም። የኮምፖስት መገልበጫ ማሽን የሚያስፈልገው ያኔ ነው።

ቆሻሻው ቁመቱ እስከ ሁለት ሜትር በሚደርስ ረጅም ክምር ይደረደራል። ማሽኑ ክምሩን በእግሮቹ መሃል አድርጎ ይሄዳል። ሆዱ ሥር የብረት ጥርስ ያለው ጥቅል ይሽከረከራል፤ ክምሩን እየቦጨቀ ወደ ላይ ይበትናል፣ ከኋላ መልሶ ይከምራል። ትንንሾቹን ትራክተር ይጎትታቸዋል፤ ትልልቆቹ የራሳቸው ሞተር አላቸው።

ዋናው ቁም ነገር አየር ነው። አየር ያጣ ክምር ይገማል፣ ሚቴን ጋዝም ያወጣል። አየር ሲያገኝ ግን አብስባሽ ተሕዋስያን ይበረታሉ፤ የክምሩ እምብርት ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሴልሺየስ ይግላል። ይህ ሙቀት የበሽታ ጀርሞችንና የአረም ዘርን ይገድላል፤ ማሳው በፓርቲኒየም ለተወረረ ገበሬ ትልቅ ነገር ነው። የክምሩ ላይኛው ክፍል ግን ቀዝቃዛ ስለሆነ ተገልብጦ ወደ ውስጥ መግባት አለበት። የአሜሪካ ደንብ በ55 ዲግሪና ከዚያ በላይ 15 ቀን መቆየትንና ቢያንስ አምስት ጊዜ መገልበጥን የሚጠይቀው ለዚህ ነው።

አዳማ ላይ የምሰጋው ለውሃው ነው። ክምሩ ከ50 እስከ 60 በመቶ እርጥበት ይፈልጋል፤ በተገለበጠ ቁጥር ግን እንፋሎቱ ይወጣል። የነፋስ ኃይል ማመንጫ በተተከለባት ከተማ ነፋሱ የቀረውን ይጨርሰዋል። ስለዚህ ከማሽኑ ጋር የውሃ ቦቴ ካልተመደበ ክምሩ ደርቆ ሥራው ይቆማል።

ጥሬ ዕቃ ሞልቷል። ወንጂ ላይ ከ1946 ዓ.ም. ጀምሮ ስኳር ይመረታል፤ የአገዳው ጭማቂ ሲጣራ የሚቀረው ጭቃ መሰል ዝቃጭ ፎስፈረስ አለው። ከቆቃ ሐይቅ የሚወጣው እንቦጭም አለ። አብዛኛው አካሉ ውሃ ስለሆነ ብቻውን ከተከመረ ይላቁጣል፤ ከገለባ ጋር ሲቀላቀል ግን ጥሩ ይበሰብሳል።

ማሽኑ የማይችለው መለየትን ነው። ፌስታል ጥቅሉ ላይ ይጠመጠማል፣ ሽቦና ድንጋይ ጥርሱን ይሰብራሉ። ከሁሉ የሚከፋው ጠርሙስ ነው፤ ማሽኑ አድቅቆ ከኮምፖስቱ ጋር ያዋህደዋል፣ ከዚያ በኋላ ማንም ለቅሞ አያወጣውም። ኮምፖስቱን የሚጠቀመው የመቂና የባቱ ሽንኩርት አምራች ደግሞ የሚያርመው በእጁ ስለሆነ ስብርባሪው ይቆርጠዋል። ከተሞቻችን ለማሽን በጀት ሲይዙ ልጣጩን ከቤት ለይተው ለሚሰበስቡት ማኅበራት ጋሪና ክፍያ አስቀድመው ይያዙ።