ያውቁ ኖሯል? ትራኮማ የሚታወቀው የላይኛው የዓይን ቆብ ሲገለበጥ ነው

ከኤረር ሸለቆ ተነሥቶ በኤረር በር በኩል ሐረር የሚገባ ገበሬ ዓይኑ ቀልቶ፣ እንባው እየፈሰሰ ጤና ጣቢያ ቢመጣ፣ የሕክምና ተማሪው ቅባት ከማዘዙ በፊት የላይኛውን የዓይን ቆብ ይገልብጥ። ግማሽ ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆኑ፣ ነጣ ያሉ አምስት ፍሬዎች ከቆጠረ ሕመሙ ንቁ ትራኮማ ነው፤ ነጫጭ የጠባሳ መስመሮች ካየ ደግሞ በሽታው ቆይቷል። ጉዳዩ ቀላል አይደለም፤ በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉ ሕፃናት 40 በመቶ በሚሆኑት ላይ ንቁ ትራኮማ አግኝቷል።

«ወረፋው ረጅም ነው፣ ለቀላ ዓይን ሁሉ ቴትራሳይክሊን ይሰጥ» የሚል አይጠፋም። የወረፋው ጫና እውነት ነው፤ ቆብ መገልበጥ ግን ከአንድ ደቂቃ አያልፍም። ቅባቱም ሆነ በአንድ ጊዜ የሚዋጠው አዚትሮማይሲን ትራኮማን የሚያመጣውን ባክቴሪያ ይገድላል እንጂ ጠባሳው ጎትቶ ወደ ውስጥ ያዞረውን ሽፋሽፍት አያቃናም። ሽፋሽፍቱን በወረንጦ መንቀልም ለጊዜው ያሳርፋል እንጂ ፀጉሩ ተመልሶ ይበቅላል፤ የዓይኑን ፊት እየፋቀም ያደበዝዘዋል። አንድ ፀጉር እንኳ የዓይን ኳሱን ሲነካ ከታየ በሽተኛው ለቀዶ ሕክምና መላክ አለበት፤ ሕፃናቱም ፊታቸውን በየዕለቱ እንዲታጠቡ ቤተሰቡ ይመከር።