ስለ ስካርና ስለ ጉበት

ጠላ ከእህልና ከጌሾ ይጠመቃል፤ ጠጅም ከማርና ከጌሾ ይጣላል። አረቄ ግን በእሳት ተንተክትኮ ከእንፋሎቱ ስለሚወጣ ከሁለቱ ይልቅ የበረታ ነው። ሦስቱም አብዝቶ ለሚጠጣቸው ሰው ጠላት ናቸው።

መጠጥ ከጨጓራና ከአንጀት ፈጥኖ ወደ ደም ይገባል። ደምም ወደ አንጎል ባደረሰው ጊዜ ምላስ ይተሳሰራል፤ እግርም ይንገዳገዳል። ይህን መርዝ ከደም ውስጥ የሚያጠፋው ጉበት ነው። ጉበት በቀኝ ጐን፤ ከጐድን አጥንት ሥር የሚገኝ ትጉህ ሠራተኛ ነው። ነገር ግን ዕለት ዕለት ከአቅሙ በላይ ቢጭኑበት አስቀድሞ ስብ ይሞላዋል፤ ቀጥሎም ይቈስላል፤ በመጨረሻም ቍስሉ ጠባሳ ሆኖ ይደርቃል። በዚያን ጊዜ ዓይን ቢጫ ይሆናል፤ ሆድም ውሃ ይቋጥራል። ደግሞም በሊዮን ከተማ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የነቀርሳ ምርምር ድርጅት በፈረንጆች አቈጣጠር በ1988 መጠጥን ነቀርሳ ከሚያመጡት ነገሮች ጋር ቈጥሮታል።

አንዳንድ ሰዎች «አረቄ ብርድ ያስለቅቃል» ይላሉ። እውነቱ ግን እንዲህ አይደለም። አረቄ ሞቃቱን ደም ወደ ቈዳ ያወጣዋል፤ ስለዚህ የጠጣው ሰው የሞቀው ይመስለዋል እንጂ ሰውነቱ ይበርዳል።

አንድ ሸማኔ ነበረ። በእጁ ሥራ የተመሰገነ ሲሆን ማታ ማታ ከአረቄ ቤት አይጠፋም ነበር። ከጊዜ በኋላ ጧት ሲነሣ እጁ ይንቀጠቀጥ፤ ድሩም ይበጠስበት ጀመር። ሚስቱም ይህን አይታ እጅግ ሠጋች። በሰከረ ጊዜ ግን አልተናገረችውም፤ ምክሩ ጠብ እንዳይሆን ፈርታለችና። አንድ ቀን ጧት ቡና አፍልታ ከአጠገቡ ተቀመጠችና «ጌታዬ፤ ዓይንዎ ቢጫ ሆኗል፤ እጅዎም ይንቀጠቀጣል። የምሰጋው ስለ ገንዘቡ አይደለም፤ ልጆቻችን አባት እንዳያጡ ነው» አለችው።

ሸማኔው መጀመሪያ ተቈጣ፤ በኋላም አፈረ፤ «ከዛሬ ጀምሮ ጠብታ አልቀምስም» ብሎ ማለ። በማግሥቱ ግን ላብ አጠመቀው፤ እጁም ከቀድሞው ይልቅ ተንቀጠቀጠ፤ የሌለ ነገርም ይታየው ጀመር። ሚስቱም ሳትዘገይ ወደ ሐኪም ቤት ወሰደችው። ሐኪሙም «መልካም አደረግሽ። ብዙ ዘመን አብዝቶ የጠጣ ሰው ብቻውን በድንገት ቢያቆም እንደሚጥል በሽታ ይጥለዋል፤ ሊሞትም ይችላል። መተው ይገባል፤ ነገር ግን በሐኪም ጥበቃ ይሁን» አላት። ጥቂት ቀንም አስተኝቶ በመድኃኒት አረጋጋው።

ሸማኔው ከዚያ ወዲያ መጠጥ አልቀመሰም። ከወራት በኋላ ዓይኑ ጠራ፤ እጁም ጸና። ነገር ግን ጠባሳ የሆነው የጉበቱ ክፍል እንደ ቀድሞው አልሆነለትም፤ የዳነው የቀረው ነው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ሚስቲቱ አፍራ ዝም ብትል ኖሮ ያ የቀረውም በጠፋ ነበር። ስካር የያዘውን ሰው ስድብ አያድነውም፤ በጊዜው የተነገረ የፍቅር ቃልና የሐኪም እጅ ግን ይረዱታል። በቤቱ እንዲህ ያለ መከራ ያለበት ልጅም ጥፋቱ የእርሱ አይደለምና፤ ሳያፍር ለሚያምነው ታላቅ ሰው ይንገር።