ስለ ልዕለ ድምፅ ማሽን የኃይል ዑደትና ስለ አለካኩ

የሰው ጆሮ በሰከንድ ከ20 ሺህ ጊዜ በላይ የሚርገበገበውን ድምፅ ለመስማት አልታደለም፤ ከዚያ ወሰን በላይ ያለው ልዕለ ድምፅ ግን የሐኪሞችን መሣሪያና የሰዓትን ጥርስ በውኃ ገንዳ ውስጥ ሲያጠራ ይውላል። ለዚህ ጥበብ መነሻ የሆነው ፒየርና ዣክ ኩሪ የተባሉት ፈረንሳውያን ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1880 አንዳንድ ማዕድናት ሲጨመቁ በገጻቸው ላይ ኤሌክትሪክ እንደሚወልዱ መግለጣቸው ነው፤ በማግሥቱም ዓመት ጋብሪየል ሊፕማን ነገሩ በተገላቢጦሽ እንደሚሠራ በስሌት አመለከተ፣ ወንድማማቾቹም በፈተና አጸኑት። በ1917 ደግሞ ፖል ላንዥቫን ኳርትዝን በብረት ሰሌዳዎች መካከል አጣብቆ ሰርጓጅ መርከብን በድምፅ ለመፈለግ የሚያገለግል መሣሪያ ሠራ። ዛሬ በማጽጃ ገንዳ ሥር ተለጥፎ የሚገኘው፣ የሴራሚክ ቀለበቶቹ በብሎን የታሠሩት ትራንስዱሰር የዚያው ተወላጅ ነው።

በየገዳማቱ የሚሰቀለው የድንጋይ ደወል መቺው ቢለዋወጥም የራሱን ቃና ብቻ እንደሚሰጥ ሁሉ፣ ትራንስዱሰርም ከተፈጥሮ ድግግሞሹ ውጪ ቢነዱት ኃይሉን ይበላል እንጂ ሥራውን አይሠራም። ሴራሚኩ በባሕርይው ካፓሲተር ስለሆነ፣ መጠኑ 4 ናኖ ፋራድ ቢሆን፣ በ40 ኪሎ ኸርትዝ የሚያሳየው ተቃውሞ 1000 ኦም ያህል ነው፤ ይህንን ለማካካስም 4 ሚሊ ሄንሪ የሚሆን የሽቦ ጥቅል በተከታታይ ይገባል። እንግዲህ በ40 ኪሎ ኸርትዙ ፈንታ የ28 ኪሎ ኸርትዝ ትራንስዱሰር ለመግጠም የሚሻ ሰው፣ የሴራሚኩ ካፓሲታንስ አንድ ዓይነት ቢሆን እንኳ፣ ትራንስዱሰሩን የሚነዱትን ትራንዚስተሮች ፍጥነት መለወጥ ብቻ አይበቃውም፤ ጥቅሉንም ወደ 8 ሚሊ ሄንሪ ማሳደግ ይኖርበታል። ጥቅሉና ሴራሚኩ በተስማሙ ጊዜም በሴራሚኩ ጫፎች ላይ የሚነሣው ቮልቴጅ ዑደቱ ከሚሰጠው እጅግ ሊበልጥ ይችላል።

ይህንን ቮልቴጅ በተራ ቴስተር እለካለሁ ማለት ከንቱ ነው፤ አብዛኛው ቴስተር ለ50 ኸርትዝ መስመር የተበጀ ስለሆነ በ40 ኪሎ ኸርትዝ ፊት የሚናገረው ሐሰት ነው። ኦሲሎስኮፕ እውነቱን ያሳያል፤ ዋናው አደጋ የሚያደባው ግን እዚህ ላይ ነው፤ ይኸውም የፕሮቡ ጥቁር መቆንጠጫ በስፒናው በኩል ከምድር ጋር የተገናኘ ሲሆን፣ የ220 ቮልት መስመርን በቀጥታ አቅንቶ 311 ቮልት የሚያወጣው ዑደት ዜሮ ብሎ የሚጠራው ነጥብ ግን ከምድር ጋር አንድ አለመሆኑ ነው። መቆንጠጫው እዚያ ነጥብ ላይ ባረፈ ቅጽበት መስመሩ በኦሲሎስኮፑ በኩል ወደ ምድር ይፈስሳል፤ መስመሩን የሚያቀኑት ዳዮዶችም ይፈነዳሉ። ይህንን ለማምለጥ ሲሉ የስፒናውን የምድር ጥርስ የሚቆርጡ አሉ፤ በእኔ አስተያየት ከዚህ የከፋ ብልሃት የለም፤ የኦሲሎስኮፑ ብረት ሁሉ ኤሌክትሪክ ለብሶ የሚነካውን ሰው ይጠብቃልና። ትክክለኛው መንገድ በዲፈረንሺያል ፕሮብ መለካት፣ ወይም ኦሲሎስኮፑን ሳይሆን የሚለካውን ማሽን በመለያ ትራንስፎርመር ከመስመሩ መነጠል ነው፤ ሆኖም ከተነጠለ በኋላም ሁለት ነጥቦችን በአንድነት የነካ ሰው ይመታል፣ ወደ ምድር የሚያመልጠውን አይቶ መስመሩን የሚቆርጠው ልዩነት ጠባቂ ማብሪያ ማጥፊያም አያድነውም። ፕሮቡም ቢሆን መቶ እጥፍ የሚያሳንሰው ይመረጣል፤ አሥር እጥፍ በሚያሳንሰው ላይ የተጻፈው የቮልት ወሰን ድግግሞሹ ከፍ ሲል ይወርዳልና።

ትራንስዱሰሩና ጥቅሉ ከተለወጡ በኋላ ማሽኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበራ በመስመሩ ላይ አምፖል በተከታታይ ይገባል፤ አምፖሉ ደምቆ ከቀረ አንድ ስፍራ አላግባብ ተገናኝቷል ማለት ነው። ገንዳውም ያለ ውኃ አይነዳም። ሲጠፋ ደግሞ የቀናውን 311 ቮልት የሚያጠራቅመው 470 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር 23 ጁል ያህል ይዞ ይቆያል፤ በ10 ኪሎ ኦም፣ 10 ዋት ሬዚስተር ግማሽ ደቂቃ ያህል ካፈሰሱት በኋላ ነው በቴስተር አረጋግጦ እጅ ማስገባት።

ብዙዎች የሚዘነጉት ትራንስዱሰሩን ራሱን ነው። ከዑደቱ ተለይቶ በጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው ሴራሚክ ሲሞቅ፣ ወይም የኩሪ ወንድማማቾች እንዳሳዩት ብሎኑ ጠብቆ ሲጨምቀው፣ ቮልቴጅ ይወልዳል፤ ስለዚህ ብሎኑ በሚጠብቅበት ጊዜ ሁለቱ ጫፎች በቀጭን ሽቦ ይያያዛሉ፤ ሽቦውም ዑደቱ ከመብራቱ በፊት ይፈታል።