ትራክተር ነዳጅ ሲሰጠው የሚያላዝነው ለምንድን ነው?

በአርሲ ደጋ የመኸር ስንዴ የሚዘራው በአመዛኙ በሰኔና በሐምሌ መጀመሪያ ነው። አንድ ትራክተር ብቻ ያለው የኅብረት ሥራ ማኅበር ይህ ትራክተር በእነዚያ ሳምንታት ለአሥር ቀን ቢቆምበት፣ የሚያጣው የጥገናውን ገንዘብ ብቻ ሳይሆን የአባላቱን የዘር ወቅት ጭምር ነው። ስለሆነም የሰብል ባለሙያዎች ሆነን ሳለን ስለ ትራክተር ድምፅ መጻፋችን የልማት ሠራተኛውን ሊያስገርመው አይገባም።

በ2014 ዓ.ም. ሰኔ ወር ወደ አንድ ማኅበር ስንሄድ ትራክተሩ ማሳ ዳር ቆሞ፣ ካምቢዮው እንዲፈታ ተወስኖ መካኒክ ይጠበቅ ነበር። ሾፌሩ «ነዳጅ በሰጠሁት ቁጥር ያላዝናል፤ ማርሹ አልቋል» አለን። ይሁንና የሃይድሮሊክ ፓምፑን ከሞተሩ በሚለየው እጀታ ብንለየው ድምፁ ጠፋ። ጥፋቱ የተገኘው በፓምፑ መሳቢያ ቱቦ መጋጠሚያ ላይ ነው፤ የጎማ ቀለበቱ ደርቆ ሁለት ቡሎኖች ላልተው ነበር። ካምቢዮው ተፈትቶ ቢሆን ኖሮ የዚያ ሳምንት እርሻ በከንቱ ይቀር ነበር።

ነዳጅ ሲጨመር የሚቀጥን ድምፅ ከሞተሩ ጋር ወይም ከጎማው ጋር የሚዞር አንድ ነገር ያሰማል። በመጀመሪያ ሊለይ የሚገባው ይኸው ነው። ትራክተሩን ደልዳላ ቦታ አቁሞ፣ የእጅ ፍሬን ይዞና ማርሽ አውጥቶ ነዳጁን ቀስ እያሉ መጨመር ነው። ቆሞ ካላዘነ ምክንያቱ በሞተሩ፣ በፓምፑ ወይም በካምቢዮው መግቢያ በኩል ነው። ሲሄድ ብቻ ከሆነ ግን ካምቢዮውን፣ ዲፈረንሻሉን ወይም የጎማ ኩሽኔታዎችን መጠርጠር ይገባል።

ማርሽ ቢወጣም ፍሪሲዮን እስካልተረገጠ ድረስ የካምቢዮው መግቢያ ዘንግ ይዞራል። ስለዚህ ፍሪሲዮን ሲረገጥ ድምፁ ከጠፋ ካምቢዮው ይጠረጠራል፤ ሲረገጥ ብቻ ከተሰማ ደግሞ የፍሪሲዮኑ መግፊያ ኩሽኔታ ነው። ባለ ሁለት ደረጃ ፍሪሲዮን ባላቸው የቆዩ የማሴ ፈርጉሰን ትራክተሮች ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በእነዚህ ፓምፑ በኋላው አካል ውስጥ ተቀምጦ በኃይል መውጫው ዘንግ በኩል ስለሚዞር፣ ፔዳሉ እስከ ግማሽ ሲረገጥ ካምቢዮው ብቻ ይቆማል፣ እስከ መጨረሻ ሲረገጥ ፓምፑም ይቆማል። ይህን ልዩነት የሚያውቅ ሾፌር ያለ አንዳች መሣሪያ ሁለቱን ይለያል። እንደ ቤላሩስ 80 ባሉት ላይ ደግሞ ፓምፑን የሚለይ እጀታ አለ፤ እጀታው የሚነካው ሞተሩ ጠፍቶ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልናተኩርበት የምንፈልገው በፓምፑ ላይ ነው። ፓምፑ የሚስበው ዘይት ሳይበቃው ሲቀር በዘይቱ ውስጥ ጥቃቅን አረፋዎች ይፈጠራሉ። አረፋዎቹ ወደ ግፊቱ በኩል ሲያልፉ በኃይል ስለሚጨፈለቁ የፓምፑን ብረት ቀስ በቀስ ይበሉታል። ማላዘኑ የዚህ ድምፅ ነው፤ ችላ ከተባለ ፓምፑን ይጨርሰዋል። ዘይት ሲያንስ፣ የመሳቢያው ማጣሪያ ሲደፈን፣ ወይም በደጋው ብርድ ዘይቱ ሲወፍር ይህ ይደርሳል። ጠዋት ለጥቂት ደቂቃ ብቻ አላዝኖ ሲሞቅ የሚተው ከሆነ ሞተሩን በዝቅተኛ ዙር ማሞቅና የዘይቱን ዓይነት ከመመሪያው ጋር ማመሳከር ይበቃል። ተዳፋት ላይ ብቻ የሚያላዝን ከሆነ ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ሸሽቶ መሳቢያው ባዶ ቀርቷል ማለት ነው። ዘይት የሚለካው በደልዳላ ቦታ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ የማንሻው ክንዶች ወርደው ነው።

በመሳቢያው በኩል የላላ መጋጠሚያ ዘይት ላያንጠባጥብ ይችላል፤ አየር ወደ ውስጥ ይስባል እንጂ። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ መሬቱ ደረቅ ስለሆነ ቱቦው ደህና ነው ይላሉ። በመጋጠሚያው ዙሪያ ግሪስ ሲቀባ ድምፁ ከተለወጠ አየሩ የሚገባው በዚያ ነው። ይህ የሚሠራው በመሳቢያው በኩል ብቻ ነው። በግፊቱ በኩል ያለውን ቱቦ በእጅ መዳሰስ ፈጽሞ ክልክል ነው፤ በግፊት የሚወጣ ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል።

ዘይቱ ወተት ከመሰለ ጥቂቱን በንጹሕ ብርጭቆ ቀድቶ ማስቀመጥ ነው። አየር ከሆነ ከታች ጀምሮ እየጠራ ይሄዳል፤ ውሃ ከገባበት እንደደፈረሰ ይቆያል ወይም ውሃው ከሥር ይቀመጣል። በዚህ ጊዜ ዘይቱ መለወጥ አለበት።

ነዳጅ በድንገት ሲሰጠው «ሲጥ» ብሎ የሚተው ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ የቺንጋ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ የቺንጋው መካከል በአውራ ጣት ሲጫኑት ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል መርገብ አለበት። ቺንጋ ላይ ሳሙና ወይም ግሪስ መቀባት ልማድ ሆኗል፤ እኛ አንደግፈውም። ቺንጋው ወልቆ ሞተሩ ከአንድ ደቂቃ ላነሰ ጊዜ ሲነሳ ማላዘኑ ከጠፋ፣ ዲናሞውን ወይም የውሃ ፓምፑን ሞተሩ ጠፍቶ በእጅ ማዞር ነው፤ ኩሽኔታው የተበላው ይሻክራል። ከቺንጋና ከኃይል መውጫው ዘንግ አጠገብ ጋቢ ወይም ነጠላ ለብሶ መቆም አይገባም።

ቱርቦ ያላቸው ሞተሮች ትንሽ ማፏጨት ባሕርያቸው ነው። ጥቁር ጭስና የጉልበት ማነስ ከተጨመረ ግን የአየር ጎማዎቹና ማጣሪያው ይታዩ።

ድምፁ በአንድ ማርሽ ብቻ ወይም ጭነት ሲበዛ ብቻ ከሆነ የካምቢዮው ዘይት ይለካ፣ ይፍሰስም። ማግኔት ባለው ማፍሰሻ ቡሎን ላይ የሚገኝ ደቃቅ ግራጫ ዝቃጭ የተለመደ ነው፤ ስብርባሪ ብረት ከተገኘ ግን ትራክተሩ ከዚያ ወዲያ መሥራት የለበትም። መካኒክ ሲጠራ ድምፁ ቆሞ ይሁን ሲሄድ፣ በየትኛው ማርሽ፣ ፍሪሲዮን ሲረገጥ ምን እንደሆነ፣ ዘይቱ መቼ እንደተለወጠ በወረቀት ተጽፎ ይሰጠው፤ ከፈሰሰው ዘይትም በጠርሙስ ይቀመጥለት።