ዳማው ሃሚንግበርድ በአላስካ

ሃሚንግበርድ በተፈጥሮ የሚገኘው በሰሜንና በደቡብ አሜሪካ ብቻ ሲሆን፣ ከ300 በላይ ከሚሆኑት ዝርያዎቹ አብዛኞቹ የሚኖሩት ዓመቱን ሙሉ አበባ በማይታጣበት በምድር ወገብ አካባቢ ነው። ከእነዚህ ሁሉ ወደ ሰሜን ርቆ በመራባት የሚታወቀው፣ ላባው በዳማነቱ የሚለየው ዝርያ ሲሆን፣ ይህ 3 ግራም ተኩል ያህል ብቻ የሚመዝን ወፍ በደቡባዊ አላስካ እስከ 61ኛው የሰሜን ኬክሮስ ገደማ ድረስ ይዘልቃል። በኢትዮጵያ ደጋዎች ከአበባ ወለላ ሲቀስሙ የሚታዩት፣ አንደኛው ዝርያቸው ሳይንሳዊ ስሙን ከተከዜ ወንዝ ያገኘው ባለ ረጅም መንቆር ወፎች ሃሚንግበርድ ቢመስሉም የሥጋ ዝምድና የላቸውም፤ እነዚያ አብዛኛውን ጊዜ ቅርንጫፍ ላይ አርፈው ሲመገቡ፣ ሃሚንግበርድ ግን ክንፉን ከትከሻው እያዞረ ወደ ፊት ሲመታም ወደ ኋላ ሲመልስም የሚሸከመውን ኃይል ስለሚያገኝ፣ አየር ላይ ባለበት ቆሞ ይቀስማል፣ ሲፈልግም የኋሊት ይበራል።

ይህ ችሎታ ግን ዋጋው ከባድ ነው። ክንፉ በሰከንድ ከ40 ጊዜ በላይ ስለሚመታ፣ ወፉ በቀን ከራሱ ክብደት የሚበልጥ ወለላ መጠጣት ግድ ይለዋል፤ ስለዚህም ብዙ ጸሐፊዎች ከሚያደንቁት ፍጥነቱ ይልቅ ሊደነቅ የሚገባው ቁጥብነቱ ነው። ሌሊቱ ሲበርድና ያጠራቀመው ስብ ሲያንስ፣ ቶርፖር ወደሚባለው ጥልቅ ፍዘት ይገባል፤ በዚህ ጊዜ ወደ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጠጋ የነበረው የሰውነቱ ሙቀት ከግማሽ በታች ሊወርድ፣ በደቂቃ ብዙ መቶ ጊዜ የሚመታው ልቡም እጅግ ሊዘገም ይችላል፤ ሊነጋጋ ሲልም ጡንቻውን እያንቀጠቀጠ ሰውነቱን መልሶ ያሞቃል።

የብርዱን ወራት በአብዛኛው በሜክሲኮ ያሳለፈው መንጋ፣ የካቲት ሲጋመስ ጀምሮ የፓስፊክን ዳርቻ ይዞ ወደ ሰሜን ያቀናና በሚያዝያ አላስካ ይደርሳል። መንጋ ይባል እንጂ እያንዳንዱ የሚጓዘው ለብቻው ነው። አስቀድመው የሚደርሱት ወንዶቹ ሲሆኑ፣ በዚያ ሰዓት በረዶው ከየጥጋጥጉ ገና ስለማይጠፋ አበባው ጥቂት ነው፤ ይህን ክፍተት በከፊል የሚሞላላቸው ጭማቂ ለመጠጣት ግንድ የሚበሳው የግንደ ቆርቁር ወገን ነው፤ እርሱ ከከፈታቸው ቀዳዳዎች የሚወጣው ስኳር ያለው ፈሳሽ ለሃሚንግበርዱ መጠጥ፣ ፈሳሹ ላይ የሚጣበቁት ነፍሳት ደግሞ ሥጋ ይሆኑለታል።

ወንዱ ሴቲቱን ለመማረክ ከከፍታ ተወርውሮ ይወርድና ታች ሲደርስ በጅራቱ ላባ ድምፅ እያሰማ ይታጠፋል፤ ጉሮሮው ላይ ያለው እሳት የመሰለ ቀለምም የሚፈጠረው ብርሃን ላባው ውስጥ ባሉ ረቂቅ ንጣፎች ላይ ሲያርፍ ስለሆነ፣ ወፉ ፊቱን ዘወር ባደረገ ጊዜ ያው ጉሮሮ ጠቁሮ ይታያል። ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ የሴቷ ነው። ዘንበል ባለ የጥድ ዓይነት ቅርንጫፍ ላይ ከቡና ስኒ ያነሰ ጎጆ ትሠራለች፤ ውስጡን በለስላሳ የእፅዋት ጭረት ታነጥፈዋለች፣ ውጩን በዛፍ ሽበትና በድንጋይ ሽበት ትሸፍነዋለች፣ ሁሉንም በሸረሪት ድር ታያይዘዋለች፤ ድሩ የሚለጠጥ በመሆኑም ጫጩቶቹ ባደጉ መጠን ጎጆው አብሯቸው ይሰፋል። ሁለቱን ነጫጭ እንቁላሎች ከሁለት ሳምንት በላይ ታቅፋ ከፈለፈለች በኋላ፣ ጫጩቶቹን ከወለላው ጋር ትንኝና ሸረሪት ትመግባቸዋለች፤ ወለላ ብቻውን ሥጋና ላባ የሚሠራ ንጥረ ነገር የለውምና።

የሚገርመው ወንዶቹ አላስካን የሚለቁት ሌላው ፍጥረት በጋ ገባ በሚልበት በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ መጀመሪያ መሆኑ ነው። ሴቶቹ ይከተላሉ፤ ወጣቶቹ ደግሞ አይተውት የማያውቁትን መንገድ ያለ መሪ ይጀምሩታል። የመልሱ ጉዞ በመጡበት ዳርቻ ብቻ የሚመለስ ሳይሆን፣ ብዙዎቹ ወደ ምሥራቅ ታጥፈው በሮኪና በሴራ ኔቫዳ ተራሮች ላይ፣ በዚያው ሰሞን አበባቸው የሚፈካ መስኮችን ተከትለው ይወርዳሉ። በእነዚህ መስኮች እያንዳንዱ ወፍ የአበባ ይዞታ ከልሎ ከእርሱ የሚገዝፉትን ሳይቀር ያባርራል፤ በካሊፎርኒያ በተደረገ ጥናትም ወፎቹ የይዞታቸውን ስፋት ከቀን ወደ ቀን እያስተካከሉ ክብደታቸው በፍጥነት ወደሚጨምርበት መጠን እንደሚያደርሱት ታይቷል። ለቀጣዩ በረራ የሚበቃ ስብ ሲሞላላቸው ይነሣሉ።

ኑሮው ከአበባ መፍኪያ ጊዜ ጋር በዚህ መጠን የተሳሰረ ወፍ፣ የአየር ንብረት ሲለወጥ ከሚጎዱት መካከል ቢሆን አያስደንቅም፤ ቁጥሩ ለአሥርተ ዓመታት በመቀነሱም ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በ2018 እ.ኤ.አ. ለአደጋ ሊጋለጡ ከተቃረቡት ተርታ መድቦታል። በሌላ በኩል ግን መንገዱ የተዘጋ አይደለም። በጥር 2010 እ.ኤ.አ. በፍሎሪዳ ግዛት ታላሃሲ ከተማ እግሯ ላይ የቁጥር ቀለበት የተደረገላት አንዲት ሴት ወፍ፣ በዚያው ዓመት ሰኔ ከ5,600 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በሚገኘው የአላስካው ቼኔጋ ቤይ ተይዛ ተገኝታለች፤ ቀድሞ መንገድ የሳቱ ይባሉ የነበሩት በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ሰሜናዊ ዳርቻ የሚከርሙ ዳማ ሃሚንግበርዶችም ዛሬ በየዓመቱ የሚጠበቁ እንግዶች ሆነዋል።