ሩጫን ግድግዳ ላይ መስቀል

ሯጭን መሳልና ሩጫን መሳል አንድ ነገር ይመስላል እንጂ አንድ አይደለም። በየካፌው፣ በየፀጉር ቤቱና በየሳሎናችን ግድግዳ ላይ የተሰቀሉትን የአትሌቶቻችንን ምስሎች ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። አንዱ እግር መሬት ረግጧል፣ ሌላው ወደ ኋላ ተነስቷል፣ ፊት ላይ ላብ ያበራል። ምስሉ ግሩም ነው፤ ሆኖም ሰውየው ቆሟል። ካሜራው ሯጩን ይዞ ሩጫውን ለቆታል።

ያን ያመለጠውን ሩጫ በሸራ ላይ ለመያዝ ከመቶ ዓመት በፊት የተነሱ ሠዓሊዎች ነበሩ። ፊውቸሪስቶች ይባላሉ። እኔ በምኖርበት በላፍቶ አካባቢ ባሉት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሳሎን ውስጥ የእነሱን ሥራ ቅጂ መስቀል ይቻላል ወይ? ከተሰቀለስ የት ነው የሚሰቀለው? ደግሞስ እኛ ኢትዮጵያውያን ልንሰቅለው ይገባል ወይ? በዚህ ጽሑፍ እነዚህን ጥያቄዎች አነሳለሁ። የመጨረሻው ቀላል እንዳልሆነ ከወዲሁ ልጠቁም።

ሃያ እግር ያለው ፈረስ

ፊውቸሪዝም የተወለደው በጣሊያን ነው። ባለቅኔው ፊሊፖ ቶማሶ ማሪኔቲ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1909 «ለ ፊጋሮ» በተባለው የፓሪስ ጋዜጣ የፊት ገጽ ላይ ባወጣው መግለጫ ፍጥነትንና ሞተርን አወደሰ፤ ሙዚየሞችና ቤተ መጻሕፍት ይፍረሱ አለ። በዓመቱ ደግሞ ኡምቤርቶ ቦቾኒ፣ ጃኮሞ ባላ፣ ካርሎ ካራ፣ ሉዊጂ ሩሶሎና ጂኖ ሴቨሪኒ የሥዕሉን መግለጫ አወጡ። ሐሳባቸውን ለማስረዳት የተጠቀሙበት ምሳሌ የሚሮጥ ፈረስ ነው። የሚሮጥ ፈረስ ለሚያየው ዓይን አራት ሳይሆን ሃያ እግር አለው ባዮች ናቸው።

ነገሩ ቀልድ አይደለም። አንድ ነገር በፊታችን በፍጥነት ሲያልፍ ያለፈው ቅጽበት ከዓይናችን ሳይጠፋ የሚቀጥለው ይደረብበታል። ፈረንሳዊው የፊዚዮሎጂ ተመራማሪ ኤቲየን ዡል ማሬ ከ1882 ጀምሮ የአንድን ሯጭ ተከታታይ እንቅስቃሴዎች በአንድ የፎቶ መስታወት ላይ ደራርቦ ያነሳ ነበር። ባላ በ1912 በሠንሰለት የታሰረች ትንሽ ውሻ ስትራመድ ሲስል የተከተለው ይህንኑ መንገድ ነው። የውሻዋ እግሮች ብዙ ናቸው፤ ጅራቷም ብዙ ነው።

ቦቾኒ ግን እግር ማብዛት ብቻ አይበቃም ባይ ነበር። የሚሮጥ ሰው አየሩን ሲሰነጥቅ አየሩም ሰውየውን ይለውጠዋል፤ ስለዚህ ሰውነቱና ዙሪያው አንዱ በሌላው ውስጥ መግባት አለባቸው። በ1913 የሳላቸው ሁለቱ የስፖርት ሥዕሎች የዚህ ማሳያ ናቸው። አንደኛው የእግር ኳስ ተጫዋች እንቅስቃሴ ሲሆን ስፋቱ 193 በ201 ሳንቲ ሜትር ነው፤ በኒውዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል። ሁለተኛው የብስክሌት ጋላቢ ነው፤ መጠኑ 70 በ95 ሳንቲ ሜትር ነው። በዚያው ዓመት ሩሲያዊቷ ናታሊያ ጎንቻሮቫ የሳለችው ብስክሌተኛ ደግሞ በቅዱስ ፒተርስበርግ አለ። የእሷ ሥዕል ለጀማሪ ዓይን ይቀላል። ሰውየው በግልጽ ይታያል፤ ጎማዎቹና እግሮቹ ግን ተደራርበዋል።

እንዲህ ያለውን ሥዕል የሚያይ ሰው በመጀመሪያ ፊት አይፈልግ። በአግድመት የሚሮጡትን መስመሮች ይከተል፤ የኃይሉ አቅጣጫ እነሱ ናቸው። ቀጥሎ የተደጋገመውን ቅርጽ ይፈልግ፤ ጊዜው የተቀመጠው እዚያ ነው። ከዚያ ሁለትና ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ይበል። ቅርብ ሲቆም ስብርባሪ የመሰለው ነገር ራቅ ሲል ይሰበሰባል።

ጊዜን በአንድ ሸራ ላይ ማስቀመጥ ለእኛም እንግዳ አይደለም። የንግሥተ ሳባን ታሪክ የሚተርኩት ባህላዊ ሥዕሎቻችን አብዛኛውን ጊዜ በ44 ክፍሎች የተከፈሉ ናቸው። ንግሥቲቱ በአንዱ ሸራ ላይ ደጋግማ ትታያለች፤ በአንዱ ትጓዛለች፣ በሌላው ትደርሳለች። ልዩነቱ የእኛ ሠዓሊ በክፍሎቹ መካከል መስመር ማስመሩ፣ ፊውቸሪስቱ ደግሞ መስመሩን ማጥፋቱ ነው።

ከእኛ ጋር ያለው ሂሳብ

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። የ1909ኙ መግለጫ ያወደሰው ፍጥነትን ብቻ አልነበረም፤ ጦርነት ዓለምን እንደሚያጠራም አውጇል። ማሪኔቲ ከሙሶሊኒ ጋር ገና ከጅምሩ የቆመ ሰው ነው። ፋሺስት ጣሊያን አገራችንን ስትወር ከጥቁር ሸሚዞች ክፍለ ጦር ጋር በፈቃደኝነት መጥቶ ዘመተ። ወደ አገሩ ተመልሶም ያንን ዘመቻ የሚያወድስ ረጅም ግጥም እ.ኤ.አ. በ1937 አሳተመ። በ1937 ምን እንደተፈጸመ ለአዲስ አበባ ሰው አይነገረውም። የካቲት 12 የዚያው ዓመት ነው።

ታዲያ እንዲህ ያለ እንቅስቃሴ የወለደውን ሥዕል ሳሎን ውስጥ መስቀል ተገቢ ነው? የሚቃወሙትን ሰዎች ስሜት አከብራለሁ። የእኔ መልስ ግን ሥዕሉ መቼና በማን እንደተሳለ ይጠየቅ የሚል ነው። ቦቾኒ የሞተው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1916 በ33 ዓመቱ ከፈረስ ወድቆ ነው፤ የሙሶሊኒ ድርጅት የተመሠረተው ከዚያ በኋላ በ1919 ነው። እሱም ቢሆን ንጹሕ ነው ማለቴ አይደለም። ጣሊያን አንደኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ እንድትገባ ይቀሰቅስ ነበር፤ ሲጀመርም በፈቃደኝነት ከዘመቱት አንዱ ነው። በኢትዮጵያ ላይ የተዘመተውን ዘመቻ ግን አላየውም፣ አልሳለውም። ከ1929 ወዲህ የመጣው አውሮፕላንን የሚያመልከው የፊውቸሪስቶች ሥዕል ሌላ ነገር ነው። በውስጡ የሙሶሊኒን ፊት እስከመሳል የደረሱ አሉበት። እሱን ቤቴ አላስገባም።

መኪና፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ፌርማታ እያልን የምንናገረው በጣሊያንኛ ቃላት ነው። ቃሉን ወስደን የራሳችንን ጉዞ ሄድንበት። የአሣሣል ዘዴንም እንደዚያው ማድረግ ይቻላል፤ ከየት እንደመጣ ሳይረሱ።

ደግሞም ለዚህ ዘዴ ከሁሉ የተመቸው ሩጫ የእኛ ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ማምሻውን አበበ ቢቂላ በሮም ጎዳናዎች በባዶ እግሩ ሮጠ። መንገዱን ያበሩት ወታደሮች የያዙት ችቦዎች ነበሩ። መድረሻው ሲቃረብ፣ በ1937 እ.ኤ.አ. ከአገራችን ተዘርፎ እዚያ በተተከለው የአክሱም ሐውልት አጠገብ፣ ሞሮኳዊውን ራዲ ቤን አብደሰላምን ጥሎ ወጣ። በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ገባ። ሐውልቱም በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. ዳግም ቆመ። ችቦ፣ ጨለማ፣ ባዶ እግርና የቆመ ድንጋይ፦ ፊውቸሪስቶቹ ፍጥነትን በሞተር ውስጥ ሲፈልጉ እዚያው አገራቸው ላይ በባዶ እግር ሮጦ አለፈ።

ቤት ውስጥ የት ይሰቀል?

ዋናውን ሥዕል የሚገዛ የለም፤ የምንነጋገረው ስለ ቅጂ ነው። ቦቾኒ ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ስለሆነ የሥዕሎቹ የቅጂ መብት ዘመን አልፏል። ጥራት ያለው ምስል የያዘ ሰው በሸራ ላይ ማሳተም ይችላል።

መጠኑ ይታሰብበት። የእግር ኳስ ተጫዋቹ በሙሉ ልኩ ቢታተም የኮንዶሚኒየም ሳሎን ግድግዳን ይውጠዋል፤ ራቅ ብሎ ለማየት የሚበቃ ቦታም አይኖርም። ብስክሌተኛው ግን በትክክለኛ መጠኑ ከሶፋ በላይ በደንብ ይቀመጣል።

በብዙ ቤቶች ሥዕል የሚሰቀለው ወደ ኮርኒሱ ተጠግቶ ነው። የሥዕሉ መሐል ከወለሉ 150 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ማለትም በቆመ ሰው ዓይን ትክክል ቢሆን ይመረጣል። የእንቅስቃሴው አቅጣጫም ይታይ። ሥዕሉ ወደ ቀኝ የሚሮጥ ከሆነ በግድግዳው ግራ በኩል ስቀሉት፤ የሚሮጥበት ሜዳ ይኖረዋል። ወደ ጥግ የሚሮጥ ሥዕል ግድግዳ የሚገጭ ይመስላል። ከምርቃትና ከሠርግ ፎቶዎች ጋር አትደርድሩት፤ ብቻውን ይሁን።

የአዲስ አበባ ፀሐይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትወጣ ኃይለኛ ፀሐይ ናት፤ ቀለም ታደበዝዛለች። ስለዚህ መስኮት ትይዩ አይሰቀል። ረከቦት ከሚቀመጥበት ጥግም ይራቅ፤ የዕጣንና የከሰል ጭስ በጊዜ ብዛት ሸራውን ያጠቁረዋል። ግድግዳው ብሎኬት ከሆነ ተራ ሚስማር አይበቃም፤ ተሰርስሮ ፊሸር ይግባበት።

ከቅጂ የተሻለም መንገድ አለ። በሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የተመሠረተው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እስከ ዛሬ ሠዓሊዎችን እያስመረቀ ነው። እዚሁ ክፍለ ከተማችን መካኒሳ ውስጥ በኤልያስ ስሜና በመስከረም አሰግድ የተመሠረተው ዞማ ሙዚየም እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ለሕዝብ ክፍት ነው። ዓይንን ለማሠልጠን ሩቅ መሄድ አያሻም። ለወጣት ሠዓሊ ሥራ የሚያዝዝ ሰው «የአትሌት ሥዕል ሣልልኝ» ከማለት ይልቅ አንድ ሩጫ መርጦ ይንገረው።

ለምሳሌ መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. በሲድኒ የተካሄደው የ10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ አለ። ኃይሌ ገብረሥላሴ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ነው። ፎቶግራፉ የሚያሳየን መስመሩ ላይ የቀደመውን ደረት ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት 25 ዙሮች፣ የመጨረሻዎቹ መቶ ሜትሮች ትንቅንቅ፣ የሁለቱ እግሮች መደራረብ ግን እስካሁን ሠዓሊ ይጠብቃሉ። የሚያሠራው ሰው ከላፍቶ ቢገኝ ደስታዬ ወደር የለውም።