የመተማ መንገድ፤ ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ የበቅሎና የሞተር ጉዞ

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ስትሆን፥ በስተ ምዕራብ በሱዳን ወሰን ላይ ያለችው መተማ ዮሐንስ ግን 700 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ቆላ ትገኛለች። ወደ 200 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን ይህን ቁልቁለት ዛሬ ሞተር በአንድ ቀን ይጨርሰዋል፤ ቀድሞ ግን የብዙ ቀን ጉዞ ነበረ። ስለ መተማ ሲነገር ዘወትር የሚታወሰው ጦርነቱ ነው፤ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ከድርቡሽ ጋር ሲዋጉ የቆሰሉት በዚህ ነውና፥ ከተማይቱም ስማቸውን ይዛ ቀርታለች። በዚህ ጽሑፍ የሚመረመረው ጉዳይ ከዚያ ያነሰ ዝና ያለው ነው። ይኸውም በጋማ ከብት ተራራ የመውረድና የመውጣት ሙያ በቤተ ሰብ ውስጥ እንደ ምን ሲወረስ እንደ ኖረ፥ ሞተር በመጣም ጊዜ ከሙያው ምን እንደ ተረፈ ነው።

በጎንደር ዘመን የሩቁ ንግድ በአብዛኛው በጀበርቲ ነጋዴዎች እጅ ነበረ። ምክንያቱ ከመሬት ሥሪት ጋር የተያያዘ ነው። በ1660 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ 1ኛ ዘመን በጎንደር የተደረገው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ ወሰነ፤ እስላም ቤት የተባለውና በኋላ አዲስ ዓለም የሚል ስም የያዘው ሰፈር ታሪክም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ርስት በጠቅላላው የክርስቲያኑ ባላገር ድርሻ ስለ ነበረ ሙስሊሙ ለልጁ የሚያወርሰው እርሻ አልነበረውም። ባላገሩ መሬት ሲያወርስ ነጋዴው የሚያወርሰው በቅሎ፥ በየኬላው ያለ ወዳጅና የመንገድ ዕውቀት ነበረ። ስለዚህ መንገዱን የነጋዴው ርስት ነበረ ቢሉት ከእውነቱ አይርቅም። ክርስቲያን ነጋዴዎችም በዚሁ መንገድ ይመላለሱ ነበር፤ ነገር ግን ንግዱ ቢከስር ብዙዎቹ የሚመለሱበት እርሻ ነበራቸው።

የዕውቀቱ ዋና ነገር የት ላይ እንስሳ መለወጥ እንደሚገባ ማወቅ ነው። ግመል በቆላው ሜዳ ለጭነት ተወዳዳሪ የለውም፤ ዳሩ ግን ለስላሳ እግሩ በረጠበ ድንጋይ ላይ ይንሸራተታል፥ የደጋውንም ብርድ አይችለውም። ፈረስ በበኩሉ ቆላ ሲወርድ በትንኝ ንክሻ በሚተላለፈው የፈረስ በሽታ ያልቃል፤ በቅሎም ከዚህ በሽታ አታመልጥም፤ አህያ ግን ይበልጥ ትቋቋመዋለች። በዚህ የተነሣ ከጭልጋ በታች ባለችው በዋህኒ ጭነት ከአንዱ ጀርባ ወደ ሌላው ይዛወር ነበር። (ይህች ዋህኒ በበለሳ በኩል ካለው፥ የነገሥታት ልጆች ይታሰሩበት ከነበረው ወህኒ አምባ ጋር ልትምታታ አይገባም።) በ1858 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ወደ ዐፄ ቴዎድሮስ የተላከው ሆርሙዝድ ራሳም በመተማ በኩል ሲገባ፥ ግመሎቹ ከዋህኒ በላይ መውጣት ስላልቻሉ ዕቃው በሰው ሸክም እንዲወጣ ተደርጓል። ከእርሱ በፊት በ1691 ዓ.ም. ዐፄ ኢያሱ 1ኛን ለማከም ከግብፅ በስናር አድርጎ ጎንደር የገባው ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ፖንሴም መሪው ሐጂ ዐሊ የተባለ የንጉሡ ወኪል ነጋዴ ነበረ። የውጭ አገር ሰዎች የጻፉት የመንገድ ታሪክ ሁሉ በእንደነዚህ ዓይነት መሪዎች ዕውቀት ላይ የቆመ ሲሆን፥ የመሪዎቹ ስም በመጽሐፍ የሚገኘው ግን አልፎ አልፎ ብቻ ነው።

ሙያው በትምህርት ቤት የሚሰጥ አልነበረም፤ ቅደም ተከተሉን የሚወስነው ራሱ ሥራው ነው። ልጅ በመጀመሪያ በአባቱ ወይም በአጎቱ በቅሎ ላይ ከኋላ ይፈናጠጣል። ጥቂት ጠንከር ሲል ወርዶ ከአህዮቹ ኋላ በእግሩ እየነዳ ይከተላል። ከዚያ ጭነት ማመዛዘን ይማራል፤ ይህ ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ በአንድ ወገን ያጋደለ ጭነት በቁልቁለት ላይ የእንስሳውን ጀርባ ይገጥባልና፥ የተገጠበ አጋሰስ ደግሞ ለሳምንታት ያለ ሥራ ይቆማል። ጊዜ መምረጥም የዚሁ ሙያ ክፍል ነው፤ ክረምቱ እንደ ወጣ ንዳዱ በቆላው ስለሚበረታ፥ መሬቱ ደርቋል ብሎ ወዲያው የሚወርድ ነጋዴ አዋቂ አይባልም። በቅሎ ላይ በኮርቻ የመቀመጥ ነገር የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እርካቡ ጠባብ የብረት ቀለበት ስለ ነበረ ተጓዡ በባዶ እግሩ አውራ ጣቱን ብቻ ያስገባበት ነበር፤ ይህንንም በጎልማሳነት ከመልመድ በልጅነት መልመድ እንደሚሻል ግልጽ ነው።

ሰጋር በቅሎ፥ ማለት ተጓዡን ሳታንገላታ ፈጥና የምትሄደው፥ ዋጋዋ ውድ ነበረ፤ በችሎት ሙግት ላይ «በቅሎ ይግባ» ተብሎ ውርርድ የሚያዘውም በቅሎ ምን ያህል የከበረች ሀብት እንደ ነበረች ያስረዳል። ሆኖም ክብሯ ስም አላሰጣትም። ዐፄ ዮሐንስ በፈረስ ስማቸው አባ በዝብዝ፥ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት አባ ጠና ሲባሉ፥ በበቅሎ ስም የተጠራ ነጋዴ አይሰማም። መኳንንቱ እንኳ ወደ ጦርነት ሲዘምቱ ጉዞውን የሚጨርሱት በበቅሎ ነበር፤ ፈረሱ እየተሳበ ሄዶ ለውጊያው ብቻ ይጫናል፤ ስሙን ግን የሚወስደው እርሱ ነው። ሕዝቡም በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «ፈረስ አጎቴ ነው» አለች እያለ ይቀልድባታል።

ይህ ሥርዓት ብዙ ጊዜ ተናግቷል። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሾች እስከ ጎንደር ዘልቀው ከተማይቱን ሲያቃጥሉ ንግዱም አብሮ ተመታ። በ1933 ዓ.ም. ጣልያኖች ከመተማ ሲያፈገፍጉ መንገዱን በፈንጂ አጥረውት ነበር፤ የህንድ ጦር መሐንዲስ ፕሬሚንድራ ሲንግ ብሃጋት በ4 ቀን ውስጥ 88 ኪሎ ሜትር ያህል እየመረመረ 15 የፈንጂ ሥፍራዎችን አስጠረገ። በዚያው መንገድ በኋላ የንግድ መኪና፥ ከዚያም ሞተር ብስክሌትና ባጃጅ ተከተሉ።

ሞተር የበቅሎውን ሙያ ፈጽሞ አጠፋው የሚል አስተያየት ይሰማል። ቋንቋው ግን ይህን አስተያየት አይደግፍም። የማሽኑ ክፍሎች ስም ከጣልያንኛ የመጣ ነው፤ ፍሬን፥ ጎማ፥ ማርሽ፥ ካምቢዮ የሚሉት ለዚህ ምስክር ናቸው። የሰውየው ሥራ ስም ግን ከጋማ ከብቱ ዘመን ሳይለወጥ ተላልፏል። አህያ የነዳው ልጅ አሁንም መኪና ወይም ሞተር ይነዳል፤ መኪናው እንደ አጋሰስ ይጫናል፤ ከሞተረኛው ኋላ የተቀመጠውም እንደ ጥንቱ ተፈናጠጠ ይባላል። አወራረሱም ቢሆን በጭነት መኪናው ላይ መልኩን ለውጦ ይታያል፤ ረዳቱ እንደ ሲራራው ልጅ በመጫንና በማውረድ ጀምሮ፥ ቁልቁለቱን ከባለ ሙያው አጠገብ ሆኖ ለዓመታት ካየ በኋላ ነው መሪ የሚጨብጠው። ረዳቱ የሾፌሩ ልጅ ወይም ዘመድ መሆኑ ግን እንደ ቀድሞው ግዴታ አይደለም። የጠፋው ነገር ቢኖር እንስሳ የመለወጡ ዕውቀት ነው፤ ሞተር ዋህኒ ሲደርስ የሚለውጠው ማርሽ ብቻ ነውና፥ ነጋዴው ለልጁ ያወርሰው የነበረው ታላቅ ምስጢር በአንድ ትውልድ ውስጥ ዋጋ አጣ።

ከአስፋልቱ ወጣ ሲሉ ግን ነገሩ ይለያል። የቆላው ጥቁር መሬት በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ሲጠግብ ጭቃው የሞተሩን ጎማ ይይዘዋል፤ በዚያን ጊዜ ወደ ሰሊጡ እርሻ የሚወስደውን ስንቅ አህያዋ ትሸከመዋለች፤ ከኋላዋም አንድ ልጅ እየነዳ ይከተላል።